አንድ ዲሽ ለስንት ሰው ይበቃል?

ስለ ልጆች የመኝታ ሰዓት ከጻፍን በኋላ፣ በጅማ ከተማ የሚኖሩ አንዲት እመቤት እንዲህ የሚል ደብዳቤ ላኩልን። «ልጆቹን በሰዓታቸው ማስተኛትስ ባልከበደኝ ነበር። ነገር ግን በቤቴ ያለው ቴሌቪዥን አንድ፣ የሚያየው ሰው ግን ሰባት ስለ ሆነ፣ ከራት በኋላ ያለው ጊዜ የክርክር ጊዜ ሆኖብኛል። የበኩር ልጄ አንዱን ዲሽ ያለ ኢንተርኔት ክፍያ ለየክፍሉና ለየስልኩ ማዳረስ ይቻላል ይለኛል፤ ባለቤቴ ደግሞ ይህ ሁሉ የኢንተርኔት ገንዘብ የሚፈጅ ነገር ነው ይላሉ። ከሁለቱ እውነቱን የያዘው ማን ነው?»

ደብዳቤው አጭር ቢሆንም ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ መሆኑን አውቃለሁ። በአዲስ አበባ እንደ ተቀመጥሁ መልሱን ልጽፍ ብዕር አንሥቼ ነበር፤ ዳሩ ግን በዚያው ሰሞን በኅዳር ወር፣ ቡናው ቀልቶ በሚለቀምበት ጊዜ፣ ወደ ጅማ የሚያወርድ ጉዳይ ስላጋጠመኝ ነገሩን በዓይኔ አይቼ ብጽፍ ይሻላል ብዬ አቆየሁት። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ያለውን 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጨርሼ፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል አልፌ፣ በአጋሮ ከተማ ከአንድ የቀድሞ ወዳጄ ቤት አራት ቀን በእንግድነት ሰነበትሁ።

ወዳጄ የቡና ነጋዴ ነው። ባለቤቱ፣ ሦስት ልጆቹና አሮጊት እናቱ አብረውት ይኖራሉ። የበኩር ልጁ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ በመካከል ያለችው ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ትንሹ ልጅ ደግሞ ከእግር ኳስ በቀር በዓለም ላይ ሌላ ነገር መኖሩን ገና አልሰማም። ልጆቹ አያታቸውን «አኮ» እያሉ ይጠሯቸዋል፤ ይኸውም በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አኮ ባለፈው ግንቦት ወድቀው እግራቸው ስለ ተሰበረ፣ ከጓሮ ካለችው ክፍላቸው ወጥተው ወደ ሳሎን መምጣት አይችሉም። ልጠይቃቸው በገባሁ ጊዜ የልጅ ልጃቸው እያስተረጐመችልኝ እንዲህ አሉኝ፤ «ከወደቅሁ ጀምሮ የአገሩን ወሬ የምሰማው በግድግዳ ነው። ሲስቁ እሰማለሁ፤ ያሳቃቸውን ግን አላይም።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ የደብዳቤ ጸሐፊዋ ጥያቄ የገንዘብና የጸጥታ ጥያቄ ብቻ አልመሰለኝም።

በመጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደ መጣ ጥቂት እንመልከት። ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ጣቢያው አንድ ብቻ ስለ ነበረ፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤት የሚጣላበት ምክንያት አልነበረውም፤ የሚታየውን ማየት ወይም መዝጋት ነበር። ዛሬ ግን ከመንግሥቱ ጣቢያ ሌላ ፋና፣ ኢቢኤስ፣ ኦቢኤንና በ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን ወደ አማርኛ እየመለሰ ማሳየት የጀመረው ቃና፣ ሌሎችም ብዙዎች አሉ። ጣቢያው በበዛ ቁጥር የሪሞቱ ባለቤት ማነው የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ተነሣ። በወዳጄ ቤት አባት ዜናውን፣ እናት ድራማውን፣ ትንሹ ልጅ ኳሱን፣ ልጅቱ የትምህርት ፕሮግራሙን፣ አኮ ደግሞ በኦሮምኛ የሚነገረውን ሁሉ ይፈልጋሉ። ሁሉም የሚፈልጉት በአንድ ሰዓት መሆኑ ነው ችግሩ።

እነዚህ ጣቢያዎች ወደ ቤታችን የሚመጡት ከሰማይ ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ምድር በምትዞርበት ፍጥነት አብሮ ስለሚዞር፣ ከታች ሆኖ ለሚመለከተው በአንድ ቦታ የቆመ ይመስላል። ስለዚህም ዲሹን አንድ ጊዜ በትክክል ካነጣጠሩት ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስ አያሻም። ቀድሞ ብዙው ቤት የሚያየው የግብፅን ናይልሳት ነበር፤ እርሱም በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ይገኛል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ከሚባለው ኩባንያ ጋር ተስማምቶ ኢትዮሳት የተባለውን መድረክ አቋቋመ፤ የዚህም ሳተላይት ኤንኤስኤስ 12 ሲሆን በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ነው። ከዚህም የተነሣ በየጣራው ላይ ወደ ምዕራብ ያዩ የነበሩት ዲሾች ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ። የዲሽ ገጣሚዎችም በዚያን ጊዜ ከጣራ ጣራ ሲዘሉ ከረሙ።

ለጅማና በዙሪያዋ ላሉት የቡና ከተሞች ይህ መዞር አንድ ያልታሰበ ጥቅም አምጥቷል። ከጅማ ሆኖ ሲለካ ናይልሳት ከአድማስ በላይ 39 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ በምዕራብ ይታያል፤ ኢትዮሳት ግን በምሥራቅ 65 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። በአጋሮ፣ በጎማ፣ በሊሙና በጌራ ጥላ ዛፍ የሌለበት ግቢ ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ትርጉሙን ወዲያው ይረዳዋል፤ ዝቅ ያለውን ሳተላይት ዋንዛውና ብሳናው ይጋርዱታል፣ ከፍ ያለው ግን ከዛፉ ራስ በላይ ይታያል። ነገር ግን ዲሹ ወደ ሰማይ ስለሚያጋድል ቅጠልና አቧራ ይሰበስባል፤ በወር አንድ ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው። በብርቱ ዝናም ጊዜ ምስሉ ቢቆራረጥ ግን ገጣሚ መጥራት አያስፈልግም። የዝናሙ ውሃ ሞገዱን ስለሚያደክመው ነውና ዝናሙ ሲያባራ ይመለሳል። የጅማ ዝናም መቼ እንደሚያባራ ግን እኔ ዋስ አልሆንም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። አንዱን ዲሽ ለብዙ ክፍል ማካፈል እንደምን ይቻላል?

ብዙ ሰዎች በመጀመሪያ የሚያደርጉት ገመዱን ከመካከሉ በማካፈያ ለሁለት መክፈል ነው። እኔም በአዲስ አበባ በቤቴ እንዲሁ አስደርጌ፣ ገጣሚውን ከፍዬ ከሰደድሁ በኋላ፣ አንዱ ክፍል ጣቢያ ሲለውጥ በሌላው ክፍል ያለው ምስል ድርግም እያለ ሦስት ወር ተቸግሬአለሁ። ምክንያቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በዲሹ ፊት ለፊት በክንዱ ላይ የተሰቀለችው ትንሽ ራስ፣ ገጣሚዎቹ ኤልኤንቢ የሚሏት፣ ከሰማይ የሚመጣውን ሞገድ ተቀብላ በገመድ ሊሄድ ወደሚችል ዝቅተኛ ሞገድ ትለውጠዋለች። የሰማዩ ሞገድ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የቆመ፣ ሌላው የተጋደመ ይባላል። ሪሲቨሩ የቆመውን ሲፈልግ 13 ቮልት፣ የተጋደመውን ሲፈልግ 18 ቮልት በዚያው ገመድ ወደ ላይ ይልካል፤ ኤልኤንቢዋም የታዘዘችውን ታወርዳለች። እንግዲህ ባለ አንድ አፍ ኤልኤንቢ ላይ ሁለት ሪሲቨሮች ተቀጥለው አንዱ ይህን ሌላው ያን ቢያዝዙ፣ ሁለት ጌታ እንዳላት አሽከር ሆና የአንዱን ፈጽማ የሌላውን ትተዋለች። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሞገድ ላይ ያሉ ጣቢያዎችን ሲያዩ ግን ጠቡ አይታይም፤ ስለዚህም ገጣሚው ሞክሮ «ሠርቷል» ብሎ ሲሄድ መዋሸቱ አይደለም።

የዚህ መድኃኒቱ ሁለት ወይም አራት አፍ ያለው ኤልኤንቢ መግዛት ነው። ከእያንዳንዱ አፍ የየራሱ ገመድ ወደ የራሱ ሪሲቨር ይወርዳል፤ አንዱ በሌላው ላይ አያዝዝም። ሁለት ቴሌቪዥን ላለው፣ ክፍሎቹም ተቀራራቢ ለሆኑለት ሰው፣ ከዚህ የሚሻል ከዚህም የሚረክስ መንገድ የለም። ከዚህ በታች የምነግራችሁን አዲስ ነገር ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን በገመድ የሚያልቀውን ሥራ በሌላ ማስረዘም ተገቢ አይመስለኝም።

ሁለተኛው መንገድ የሚሆነው ቴሌቪዥኑ አንድ ሆኖ ስልኩና ታብሌቱ ብዙ ለሆነበት ቤት ነው፤ የዛሬው ቤት ደግሞ በአብዛኛው እንዲህ ነው። በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ቀደም ብዬ የጠቀስሁት ኤስኢኤስ፣ ከእንግሊዙ ቢስካይቢና ክራፍትወርክ ከሚባል ድርጅት ጋር ሆኖ ሳት አይፒ የተባለ አንድ የአሠራር ሥርዓት አወጣ። አሳቡ እንዲህ ነው። ከዲሹ የሚወርደው ገመድ በቤቱ ውስጥ ወደ አንዲት ትንሽ ሣጥን ይገባል። ሣጥኒቱ የሳተላይቱን ሥርጭት ተቀብላ ኢንተርኔት በሚናገርበት ቋንቋ ትጽፈውና ለቤቱ ራውተር ታስረክበዋለች፤ ራውተሩም በዋይፋይ ወደ ስልኩ፣ ወደ ታብሌቱ፣ ወደ ኮምፒዩተሩ፣ ወደ ስማርት ቲቪው ያደርሰዋል። በሣጥኒቱ ውስጥ ቱነር የሚባሉ ሞገድ መራጮች ስንት እንዳሉ ማወቅ ይገባል፤ አራት ካሉ አራት ሰው የየራሱን ጣቢያ ሊያይ ይችላል፤ አንድ ብቻ ካለ ግን ሌሎቹ የሚያዩት ያንኑ ጣቢያ ወይም በዚያው ሞገድ ላይ አብሮ የተጫነውን ጎረቤቱን ብቻ ነው። የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ምንጩ አንድ ቢሆንም በአንድ ጊዜ የሚታጠበው ቡና በቦዮቹ ቁጥር ልክ ነው።

የደብዳቤ ጸሐፊዋ ባለቤት ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ነው። ራውተርና ዋይፋይ የሚሉትን ቃላት ስንሰማ ሁሉ የኢንተርኔት ሂሳብ ይቈጥራል ብለን እንደነግጣለን። ነገር ግን በዚህ መንገድ ፕሮግራሙ የመጣው ከሰማይ ነው፤ ከሣጥኒቱ እስከ ስልኩ የሚጓዘውም በቤቱ ግድግዳዎች መካከል ብቻ ነው። ራውተሩ ከውጭ ምንም መስመር ባይገባለት፣ ጥቅልም ባይሞላለት፣ ሥራውን ይሠራል። የኢትዮሳት ጣቢያዎች ደግሞ ያለ ክፍያና ያለ ቁልፍ የሚሠራጩ ስለ ሆኑ፣ በቤት ውስጥ ማካፈሉ ከማንም ጋር አያጣላም። እንግዲህ ልጁ እውነት ተናግሯል።

አባትየውም ቢሆኑ ከእውነት አልራቁም፤ እርሳቸው የሚያስቡት ሌላውን መንገድ ይመስለኛልና። ይኸውም ያንኑ ጣቢያ ከውጭ በኢንተርኔት ማየት ነው። ይህ መንገድ በመስክ ላለ፣ በመኪና ለሚሄድ፣ በውጭ አገር ለሚኖር ዘመዳችን እጅግ የሚጠቅም ነው፤ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ሥራ ከጀመረ ወዲህም አማራጩ ሰፍቷል። ሂሳቡን ግን ቁጭ ብሎ ማስላት ይገባል። ጥራት ያለው ምስል በሰከንድ 5 ሜጋቢት ያህል ቢወስድ፣ በአንድ ሰዓት 2,250 ሜጋባይት ይሆናል። ሦስት ሰዎች በየስልካቸው በየምሽቱ ሦስት ሦስት ሰዓት ቢያዩ በአንድ ምሽት ከ20 ጊጋባይት ያልፋል፤ በወርም 600 ጊጋባይት ገደማ ይደርሳል። የምስሉን ጥራት ዝቅ ቢያደርጉት ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ቢሆንም በሜጋባይት ለሚገዛ ቤት ቀላል ወጪ አይደለም።

እኔም በጅማ ባደርሁበት ሌሊት ይህን በራሴ ላይ አይቻለሁ። በሆቴሉ ክፍል ተጋድሜ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በስልኬ እያየሁ ሳለሁ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው የዲኤስቲቪ ቤት ታላቅ ጩኸት ተሰማ። ምን ሆነ ብዬ ብነሣ በስልኬ ላይ ኳሱ ገና በመሐል ሜዳ ነው። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ጐሉ ገባ። በኢንተርኔት የሚመጣ ምስል በመንገዱ ላይ እየተቆራረሰና እየተጠራቀመ ስለሚደርስ ወደ ኋላ ይዘገያል፤ ከሳተላይት በቀጥታ የሚመጣው ግን ወጥቶ እስኪወርድ የሚፈጅበት የሰከንድ ሩብ ያህል ነው። በሁለተኛው አጋማሽ ደግሞ የገዛሁት ጥቅል አለቀና የጨዋታውን ውጤት ያወቅሁት ከጩኸቱ ነው። ጥፋቱ ሳይሰላ የገባው የኔ እንጂ የማንም አይደለም።

የክፍያ ጣቢያዎችን በሚመለከት ጥቂት ቃል ልጨምር። ዲኤስቲቪን የመሰሉ ባለ ክፍያ አገልግሎቶች ሥርጭታቸውን ቆልፈው ስለሚልኩ፣ ከላይ በተነገረው ሣጥን ለየክፍሉ ማካፈል አይቻልም። ለስልክ የሚሆን የራሳቸው መተግበሪያ አላቸው፤ ነገር ግን የይለፍ ቃሉን ለዘመድ አዝማድ ማደል በመብዛቱ ኩባንያው በመጋቢት 2014 ዓ.ም. በአንድ ደንበኛ ስም በአንድ ጊዜ በኢንተርኔት የሚታየው በአንድ መሣሪያ ብቻ እንዲሆን ወስኖ ነበር። በገበያው «ሰርቨር» እየተባለ የተቆለፈውን ሁሉ ይከፍታል ተብሎ የሚሸጠውን ነገር ግን ለማንም አልመክርም። የሰው ንብረት ከመሆኑም በላይ፣ ዛሬ ከፍቶ ነገ ሲዘጋ ገንዘባችሁን የምትጠይቁት ሰው አይገኝም።

የሳት አይፒ ሣጥን በአውሮፓ ቤቶች እንጂ በእኛ ገበያ የተለመደ አይደለም። ሆኖም በአገራችን ከሚሸጡት ተራ ሪሲቨሮች አንዳንዶቹ ዋይፋይ የሚቀበሉና በስልክ ላይ በሚጫን መተግበሪያ አማካይነት ይህንኑ ሥራ በትንሹ የሚሠሩ ናቸው። ሲገዙ «ሳት ቱ አይፒ ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ በሱቁም ውስጥ በራስ ስልክ ሞክሮ ማየት ነው። የወዳጄ የበኩር ልጅ ያደረገውም ይህን ነበር። ለዕረፍት ከጅማ ሲመጣ አንድ እንዲህ ያለ ሪሲቨር፣ ባለ ሁለት አፍ ኤልኤንቢና ከጓደኛው የለመነውን አሮጌ ራውተር ይዞ መጣ። የድሮው ሪሲቨር ከቴሌቪዥኑ ጋር እንደ ነበረ ቀረ፤ አዲሱ ግን ከቴሌቪዥን ጋር ሳይገናኝ በቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠና በዋይፋይ ብቻ እንዲሠራ ሆነ።

በመጀመሪያው ሙከራ ወደ አኮ ክፍል የሚደርስ ነገር አልነበረም። ልጁም መሣሪያውን ሁለት ጊዜ ፈትቶ ገጠመ። በመጨረሻ ምክንያቱን ያገኘችው እኅቱ ናት፤ ራውተሩ ከተቀመጠበት ግድግዳ በስተ ኋላ የቡናው ማስቀመጫ አለ፤ ማስቀመጫው ደግሞ ዙሪያውን በቆርቆሮ የተሠራ ነው። የዋይፋይ ሞገድ የጭቃውን ግድግዳ እንደ ምንም ያልፋል፣ ቆርቆሮ ግን እንደ መስተዋት ይመልሰዋል። ራውተሩን ወደ ጓሮው መስኮት ባዛወሩት ጊዜ ምስሉ በአኮ አልጋ አጠገብ በልጅቱ ታብሌት ላይ መጣ። ኦቢኤን ዜና ይናገር ነበር። አኮ ታብሌቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ፤ ከዚያም «ይህች ልጅ ከስታ የለም ወይ?» አሉ፤ ስለ ዜና አንባቢዋ ነው። ከግንቦት ጀምሮ አላዩዋትም ነበርና።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለደብዳቤው መልስ «አድርጉት» ብዬ በጻፍሁ ነበር። ነገር ግን በማግሥቱ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ።

እመቤቲቱ እንደ ልማዳቸው ከራት በኋላ ሣሩን ጐዝጕዘው፣ ረከቦቱን ዘርግተው፣ ቡናውን ቈሉ። የአጋሮ ቡና ሲቆላ ሽታው ሰውን ከመንገድ ይጠራል፤ በዚያን ማታ ግን ከገዛ ቤቱ እንኳ ሰው አልጠራም። ወዳጄ በሳሎኑ ቴሌቪዥን ዜናውን ያያል። ትንሹ ልጅ የእናቱን ስልክ ይዞ ወደ መኝታ ቤት ገብቷል። ተማሪው በረንዳ ላይ ነው፤ ልጅቱ ከአኮ ዘንድ ናት። እመቤቲቱ ጀበናውን እንደ ያዙ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ አቦሉን ለማን ልቅዳ?» አሉኝ። አቦል የሚባል የቴሌቪዥን ጣቢያ እንኳ ከ2014 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አለ፤ አቦሉን የሚጠጣ ሰው ግን በዚያ ማታ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ወዳጄ ይህን ሰምቶ አፈረ መሰለኝ፣ «ሁሉም ይዘጋ!» ብሎ ተነሣ። እመቤቲቱ ግን ከለከሉት። «ተው፤ ብትዘጋው አኮም ይዘጋባቸዋል» አሉ። ከዚያም ረከቦቱን በሁለት እጃቸው አንሥተው፣ ልጅቱን ጠርተው ምድጃውን አስያዝዋትና ቡናውን ወደ አኮ ክፍል አዛወሩት። እኔም የጅማ በርጩማዬን ተሸክሜ ተከተልሁ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ታብሌቷን በግድግዳው ላይ በምስማር ሰቀሏት። ቶናው ሲቀዳ ተማሪው ገባ፤ በረካው ሳይደርስ ትንሹ ልጅም መጣ። ወዳጄ ዜናውን ጨርሶ ሲመጣ መቀመጫ ስላልተረፈ በአልጋው ጫፍ ተቀመጠ።

ታዲያ ክርክሩ እዚያም ተነሣ። አንዱ ኳስ፣ ሌላዋ ድራማ አሉ። አሁን ግን ጣቢያ የሚለወጠው አኮ በያዙት ታብሌት ስለ ሆነ፣ ዳኝነቱም የእርሳቸው ሆነ። ለትንሹ ልጅ ግማሽ ሰዓት ኳስ ፈቀዱለት፤ በኦሮምኛ እያስረዳቸው አብረው አዩ፤ ዳኛው ፊሽካ በነፋ ቁጥርም «አሁን ደግሞ ምን አጠፉ?» እያሉ ይጠይቁት ነበር።

የቀሩትን ሁለት ነገሮች በአጭሩ ልናገር። በጅማ አጠገብ ባለው በግልገል ጊቤ ወንዝ ላይ 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው የመጀመሪያው የግልገል ጊቤ ጣቢያ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ቢሠራም፣ መብራት የሚጠፋበት ማታ አይታጣም። ስልክና ታብሌት የራሳቸው ባትሪ አላቸው፤ ሪሲቨሩና ራውተሩ ግን ከጠፉ እነርሱም ባዶ መስኮት ይሆናሉ። ከትንንሾቹ ሪሲቨሮችና ራውተሮች ብዙዎቹ በ12 ቮልት የሚሠሩ ስለ ሆኑ፣ የሶላር ባትሪ ያለው ቤት ከእርሱ ሊያበራቸው ይችላል። ቮልቱን በመሣሪያው ጀርባ ላይ አንብቦ ማረጋገጥ ግን ግዴታ ነው፤ ያላነበበ ያቃጥላል።

ሁለተኛው የልጆቹ መኝታ ነው፤ መነሻችን ይኸው ነበርና። በሞባይል ዳታ የሚያይ ልጅ ስልኩን በብርድ ልብስ ውስጥ ይዞ እስከ እኩለ ሌሊት ቢያመሽ እናት አታውቅም። በቤት ዋይፋይ ብቻ የሚያይ ግን ምንጩ አንድ ስለ ሆነ ራውተሩን መንቀል ይበቃል። እመቤቲቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ራውተሩን ነቅለው በመሶቡ ላይ ያስቀምጡታል። አኮ ከዚያ በኋላ ማየት ቢያሰኛቸው እንዲመለስላቸው ይጠይቃሉ፤ ትንሹ ልጅም ይህን ስለ ደረሰበት፣ በ3 ሰዓት ከሩብ ላይ ወደ አኮ ክፍል ገብቶ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው እንደ ሆነ በትሕትና ሲጠይቃቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ለጅማዋ እመቤት፦ ከሳሎንዎ እስከ መኝታ ክፍሎቹ ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩ። በመካከሉ የቆርቆሮ ግድግዳ ወይም የብረት በር መኖሩን ይመልከቱ። ከጣራዎ ያለው ኤልኤንቢ ስንት አፍ እንዳለው ልጅዎ ወጥቶ ይቍጠር፤ ዝናም ሳይኖር፣ መሰላሉንም የሚይዝለት ሰው ኖሮ። ይህን ጽፈው ቢልኩልን ገመድ ይሻልዎ እንደ ሆነ ወይም ዋይፋይ፣ በዚሁ ገጽ እንመልስልዎታለን።